መንግሥት ዳረኝ

ጅቡቲ በቀትር ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ወረቀት አሳዪ እያለ ሲያሳድደኝ የሚውለው ፖሊስ እንኳ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ ግድግዳ ሥር ይጋደማል፤ እኔ ብቻ በዚህች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ምንጣፌ ላይ እገላበጣለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ሙቀቱ አይደለም፣ የድሬ ልጅ በሙቀት አታሳብብም። የነሳኝ ንዴት ነው። አሥር ሰዓት ላይ ፖስታ ቤቱ ይከፈታል፣ ወረፋ እይዛለሁ፣ ድሬዳዋ እደውላለሁ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስልኩን ያነሳና አንዲት ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ ዐያንሌ ባልሽ ነው ወይስ አይደለም? ነው ካልኩ ይለቁታል። አይደለም ካልኩ ነገ ጎህ ሲቀድ ከታፈሱት ልጆች ጋር በካሚዮን ተጭኖ ወደ ማሠልጠኛ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦርነቱ። ትዳር ያለውን ለጊዜው እንተዋለን ብለዋል። ሚስቱ ደግሞ እኔ ነኝ አሉ። እኔ! በከፊራ ገበያ መሐል፣ በሽማግሌ ፊት፣ በቃዲው ፊት፣ በንግድ ቢሮው ደጃፍ፣ ባሌ አይደለም እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የጮህኩት ሃሊሞ።

መልእክቱን ያደረሰችኝ ትናንት ጫት ይዛ የመጣች ሴት ናት፣ የላከቻት እህቴ ዳሃቦ። «የዐያንሌ እናት ከቀበሌው በር አልነሳም ብላ አፈር ላይ ተቀምጣለች፣ ሃሊሞ በአላህ ይሁንብሽ ትደውል ብላለች ዳሃቦ» አለችኝና ጫቷ ሳይጠወልግ ልትሸጥ ሮጠች። በአላህ ይሁንብሽ! እኔስ በአላህ ይሁንብህ ፍታኝ ብዬው አልነበረም? ይገርማል፣ ንዴት የሚመጣልኝ በአማርኛ ነው። እናቴን፣ አላህ ይርሐማትና፣ የማስታውሳት በሶማልኛ ነው፣ ገበያ የምከራከረው በኦሮምኛ ነው፣ ከመንግሥት ጋር የተጣላሁት ግን በአማርኛ ስለሆነ ደሜ ሲፈላ ሌላው ቋንቋ ሁሉ ጥሎኝ ይሄዳል። እዚህ ደግሞ በፈረንሳይኛ እሰደባለሁ። በአንድ ፈረንሳዊ አስተማሪ ቤት ሸሚዝ እተኩሳለሁ፣ ሚስቱ ማዳም አንገትጌው ላይ ጣቷን ታኖርና ትንሿን መጨማደድ ታሳየኛለች፣ እኔም አንገቴን እደፋለሁ፣ ጨርቅ በእጄ ዳስሼ ከየትኛው አገር እንደመጣ የምናገረዋ ሴት። ስለ ወረቀት ሄጄ ስጠይቅ አንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት ይልከኛል፣ ሌላው ሥራ እንዳለሽ የሚያሳይ ወረቀት አምጪ ይለኛል፣ ማዳም ወረቀት ከሌለሽ የሥራ ወረቀት አልሰጥሽም ትለኛለች፣ አፈሳ ሲመጣ ደግሞ የሰው ጓሮ ዘልዬ እደበቃለሁ። ዐያንሌ እዚያ ታፈሰ፣ እኔ እዚህ ከአፈሳ እሸሻለሁ፣ እሱ ግን የሚያድነው ሚስት አገኘ። እኔን ማን ያድነኛል? ጉድ እኮ ነው።

እኔን ንግድ ማን ያስተምረኛል? ባቡሩ ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ መመላለስ ሲጀምር ከተሳፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ነበርኩ። መሪያችን ኤዶ ቱሪያ ናት፤ አክስቴ አይደለችም፣ ግን በእሷ ዕድሜ ያለችን ሴት ኤዶ ሳይሉ መጥራት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ወደ ጅቡቲ ስንወርድ አንዲት ድሪያ ለብሰን ቀጫጭን ነን፣ ስንመለስ ድሪያ በድሪያ ላይ ደራርበን ወፍረን እንመጣለን፣ በዚያ ቃጠሎ፣ ላቡ እግራችን ሥር እስኪጠራቀም። ልጅ የሌላት ልጅ ትዋሳለች፣ ከተዋሰችው ልጅ ሥር ሽቶ አለ። ኮንትሮባንድ ይሉታል። ይበሉት። የድሬን ሴት ማን አለበሳት? የመንግሥት ሱቅ? የመንግሥት ሱቅ ውስጥ አቧራና የአዛዥ ፎቶግራፍ ነበረ። ጅቡቲ ያለው የመናዊ ነጋዴ ጨርቁን በአፍ ይሰጠናል፣ እኛም በአፍ እንወስዳለን፣ ሸጠን እንመልስለታለን፣ ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ። አንዷ ቃሏን ያጠፈች እንደሆነ ከድሬ እስከ ጅቡቲ የሚያናግራት አይኖርም፣ ልጇ ሲዳር እንኳ የሚመጣላት የለም። ይሄን ሁሉ ይዘን ነው እንግዲህ ሕገወጥ የተባልነው፣ እሺ ይሁን።

ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ፣ ባቡሩ ይቆማል። አሁንም እየቆመ ነው፣ ፍሬኑ ሲያፏጭ ይሰማኛል፣ ፊናንሶቹ፣ የጉምሩክ ጠባቂዎቹ፣ በመስኮት ሲያዩን ይታየኛል። አንድ ጊዜ ዕቃው በዝቶ በገላ የሚያልፍ አልነበረም፣ ስለዚህ ኤዶ ቱሪያ የሙሽራ ዘዴ አመጣች። ሙሽራ ዕቃዋን ይዛ ስትሄድ ፊናንስ ብዙ አይነካትም፣ የሰርግ ዕቃ መበርበር ሰው ፊት ያስነውራል። ተራው የኔ ሆነ። እጄን ሂና ቀቡኝ፣ ፊቴን በሻሽ ሸፈኑኝ፣ ከኔ ኋላ አንሶላው፣ መጋረጃው፣ ጣቃ ጣቃው ድሪያ ተከመረ፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ፊናንሱ ረጅም፣ የደከመው ደገኛ ነበር። ዕቃውን አየ፣ እኔን አየ፣ «በዚህ ወር ስንተኛዋ ሙሽራ ናት?» አለ። ኤዶ ቱሪያ «አቦ ምን እናድርግ፣ የሰርግ ወር ነው» አለችው። «ሙሽራውስ?» «ድሬ ይጠብቃታል።» «እንግዲያው ዕቃውም ነገሩ ድሬ እስኪጣራ እዚህ መጋዘን ይጠብቃታል» አለ ሰውዬው። የኤዶ ቱሪያ ዓይን በባቡሩ ውስጥ ዞረ። ጥግ ላይ ዐያንሌ ተቀምጧል፣ አንገቱ ላይ ገበታ አንጠልጥሎ ምላጭና ማበጠሪያ የሚያዞር፣ በየባቡሩ የምናየው፣ ስሙን እንኳ በቅጡ የማላውቀው ሰው። ክንዱን ይዛ አስነሳችው። «ይኸውልህ ሙሽራው! አፍሮ ነው የተደበቀው!»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ፊናንሱ ግን ሳቀ፣ ሳቁ ነው ያቃጠለኝ፣ «ኒካው ታስሯል?» አለ፤ «ድሬ ስንገባ» አሉት፤ «አይሆንም፣ እዚሁ ፊቴ እሰሩ፣ እኔም ልመርቅ፣ ካልሆነ ዕቃው ይወረሳል።» ከሦስተኛ ማዕረግ አንድ ሽማግሌ አመጡ፣ ሼክ ዲሪዬ ይባላሉ፣ በቅሎ የሚሸጡ መስለውን ነበር፣ ለካ እውነተኛ ሼክ ናቸው። «ወሊዋ ማን ነው? ማን ይድራታል?» አሉ። አባቴ ሞቷል፣ ወንድሜ ድሬ ነው። «ድሬ ከዚህ ሩቅ ነው፣ ወሊዋ በእግር የሁለት ቀን መንገድ ከራቀ ልጅቷን ሼክ ያስርላታል፣ መሳፎ ይሆናል» አሉ፤ ሁላችንም አቤት እንዴት ተዋጣልን፣ ሽማግሌው እንዴት ያስመስላሉ ብለን በሻሻችን ውስጥ ሳቅን። ሁለት ወንዶች ለምስክር ቆሙ። «መህሩ፣ ጥሎሽዋ፣ ምንድን ነው?» አሉ። ዐያንሌ ከገበታው ላይ ቀይ የላስቲክ ማበጠሪያ አንስቶ ሰጠኝ። «ተቀብለሻል?» አሉኝ። ዕቃውን አየሁት፣ የስድስት ሴቶች ዕቃ፣ ልጆች የሚበሉበት ዕቃ። «ተቀብያለሁ» አልኩ። ዱዓ ተደረገ። ፊናንሱም ለሙሽሮቹ ብሎ ለስላሳ ጋበዘንና በሰላም ግቡ አለን። ዕቃው አለፈ። ድሬ እስክንገባ ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ መጣን፣ ዐያንሌ ብቻ አልሳቀም፣ እኔ ግን ያኔ ልብ አላልኩም።

በሳምንቱ ሼክ ዲሪዬ ከፊራ መጡ። ጨርቅ ዘርግቼ እሸጣለሁ። «ባልሽ ደኅና ነው?» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። «ልጄ፣ ጋብቻና ፍቺ በቀልድ ቢነገሩም ቁም ነገር ናቸው። ወሊሽ ሩቅ ነበር፣ ምስክር ነበረ፣ መህር ነበረ፣ ተቀብያለሁ ብለሻል። የሰው ሚስት ነሽ» አሉኝና ጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። ኤዶ ቱሪያ ጋ ሮጥኩ፤ «አቦ ተያቸው፣ ያረጁ ሰው ናቸው» አለችኝ መጀመሪያ፣ ቃዲው እንደ ሼኩ ሲናገር ግን «ምን ይደረግ እንግዲህ፣ ሰውዬውም እኮ ክፉ አይደለም፣ ጥርሱ ነጭ ነው» ማለት ጀመረች። ጥርሱ ነጭ ነው! በቅሎ ልገዛ ነው እንዴ? ለስድስት ሴት ዕቃ ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ስድስቱም ዕቃቸውን ተረከቡ፣ እኔ ባል ተረከብኩ። እሱን ደግሞ ሽማግሌ አስቀምጠን ስንጠይቀው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሷ ቀልዳ ይሆናል። እኔ ከልቤ ነበርኩ።» ይሄው ነው መልሱ። ቤቴ አልመጣም፣ እጄን አልነካም፣ መንገድ ላይ ሲያየኝ ዞር ይላል፣ ግን አይፈታም። እኔም ፍታኝ አልለውም ነበር፣ ምክንያቱም ፍታኝ ማለት ባሌ ነህ ማለት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተፋጠጥን፣ እኔ አልጠይቅም፣ እሱ አይልም፣ ከተማው ይስቃል። የገበያ ሴቶች ማበጠሪያ ሲሸጡ እኔን ያያሉ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ሱቄን ባይነካብኝ ኖሮ እችለው ነበር። የባቡሩ ሥራ ሰልችቶኝ ነበር፣ የፊናንስ እጅ በገላዬ ላይ ሲርመሰመስ ሰልችቶኝ ነበር፣ አንዷ ጓደኛችን ከሚሄድ ባቡር ስትዘል እግሯን ካጣች ወዲህ የፉጨቱን ድምፅ ስሰማ ጆሮዬን እደፍን ነበር። ሕጋዊ እሆናለሁ አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ማንም አልመከረኝም። ደቻቱ ወንዝ ዳር አንድ ክፍል ተከራየሁ፣ ክረምት ጎርፍ ሲመጣ ደፉ ድረስ የሚደርስበት፣ ግን ወደ ድልድዩ የሚሄደው ሰው ሁሉ በበሩ ፊት የሚያልፍ። የስፌት መኪናዎች አስገባሁ፣ ሁለት ልጃገረዶች ቀጠርኩ፣ ድሪያ ከጅቡቲ ተሰፍቶ ለምን ይመጣል፣ ጨርቁን እዚሁ እንስፋው፣ ጥልፉን እዚሁ እንጥለፈው ብዬ። በራፌ ላይ የሚለጠፈውን እንኳ በሐሳቤ ጽፌው ነበር፣ ሃሊሞ ልብስ ስፌት፣ በአማርኛ ከላይ፣ በዐረብኛ ከታች። ንግድ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ካኪ የለበሰ ጎረምሳ ነው፣ መዝገብ ያገላብጣል። ስሜን ጠየቀኝ፣ ቀበሌዬን ጠየቀኝ፣ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ፈቃድ እኮ አላችሁ።» «እነማን?» «አንቺና ባለቤትሽ። በባለቤትሽ ስም የሸቀጣ ሸቀጥ ፈቃድ ወጥቷል። ባልና ሚስት እንደ አንድ ነው የምንቆጥረው፣ ሀብት በአንድ ቤተሰብ እጅ እንዳይከማች።»

ሀብት! ወላሂ እዚያው ወንበር ላይ ሳቅ አፈነኝ፣ ቀጥሎ ልቅሶ አፈነኝ። ባል የለኝም አልኩት። ከቀበሌ የመጣውን አሳየኝ። ዐያንሌ ለካ ቀበሌ ሄዶ ሚስት አለችኝ ብሎ አስመዝግቦኛል። ለምን? ለስኳር! የኅብረት ሱቁ ስኳር የሚያድለው በቤተሰብ ቁጥር ስለሆነ፣ ባለ ሚስት ብዙ ስለሚያገኝ። በስሜ ስኳር ሲልስ ከርሟል። ያቺን ስኳር ደግሞ በጓሮ እየሸጠ ከገበታው ወደ ሱቅ ተሸጋገረ፣ ፈቃድ አወጣ፣ ሚዛን ገዛ፣ ዛሬ ነጋዴ ተባለ። እኔ ዓመታት ሙሉ ከተማ ያለበስኩት ነጋዴ አይደለሁም፣ እኔ የነጋዴ ሚስት ነኝ። ንግዴ እውነት ነበር፣ ወረቀት ግን አልነበረውም። ጋብቻዬ ቀልድ ነበር፣ ወረቀት አለው። ይሄን ለማን ይነግሩታል? ያን ቀን ኩራቴን ዋጥኩና ሱቁ ድረስ ሄጄ ፍታኝ አልኩት፣ ሰው እየሰማ። ሚዛኑን እያስተካከለ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ሁሉን ነገር ጠይቂኝ ሃሊሞ፣ ይሄን አትጠይቂኝ» አለኝ። ስኳሩ እንዳይቀንስበት ነው አልኩ። ዛሬም የምለው እሱን ነው። በወሩ ያለ ፈቃድ ትሠሪያለሽ ብለው ክፍሌን አሸጉት፣ የስፌት መኪናዎቹን ለሴቶች ማኅበር ይሰጣሉ ብለው ወሰዷቸው፣ የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባቸው ዝገው ቀሩ፣ ልጃገረዶቹም ቤታቸው ገቡ። ባቡር ላይ ልመለስ ብል ፊቴን የማያውቅ ፊናንስ የለም፣ ዝነኛዋ ሙሽራ እያሉ ይጠቋቆሙብኛል። በአንዲት ድሪያ ተሳፈርኩ፣ ወደዚህ ወረድኩ፣ አልተመለስኩም።

እና አሁን አድኚው ይሉኛል። ይሂድ! ለምን አይሄድም? የስንት እናት ልጅ ሄዷል፣ የሱ ነፍስ በወርቅ ተለብጣለች? ይሂድና ሚዛኑን እዚያ ያስተካክል። ሄዶ ቢቀር ደግሞ አስቢው ሃሊሞ፣ ባል የለሽ፣ የባል ፈቃድ የለ፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይገልጣል፣ ጣቱ የሚቆምበት ያጣል፣ በሩ ይከፈታል። እንዲህ እያሰብኩ ምንጣፉን ገፍቼ ተነሳሁ፣ ውሃ ፊቴ ላይ ረጨሁ፣ ውሃውም ሙቅ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ትዝ አለኝ፣ በመጀመሪያው ዙር የታፈሰው፣ ከከተማው ውጭ መልካ ጀብዱ ድረስ ካሚዮኑን እየተከተለች የሮጠችው እናቱ፣ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ። እስከ ዛሬ ወሬው የለም። እናቲቱ ዛሬም ካሚዮን ባለፈ ቁጥር ከቤት ትወጣለች ይላሉ። ምን አለ አሁን ይሄ ትዝ ባይለኝ? በንዴቴ ልኖር እንኳ አይተውኝም። ሰው መንገድ ላይ የለም፣ አስፋልቱ ጫማዬን ይይዘዋል፣ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ደርሻለሁ፣ ከኔ በፊት አራት ሰው ተሰልፏል፣ ጠባቂው በሩን ከፈተ፣ ማራገቢያው መዞር ጀመረ፣ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ጸሐፊዋ አላነበበችውም ብዬ ደግሜ ጻፍኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ «ዲሬ ዳዋ!» ብላ ጠራችኝ፣ ገባሁ።

መስመሩ ጣቢያ እንደ ጠፋበት ራዲዮ ይንጫጫል። «ሃሎ! ማን ልበል?» «ሃሊሞ ነኝ፣ ከጅቡቲ።» «ጓድ ክፍሉ ነኝ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር» አለ፤ አዲስ ነው፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ «ድሬ» ሲል እንኳ የድሬ ልጅ አይመስልም። «እህታችን፣ ባጭሩ እንጨርስ። እዚህ አንድ ዐያንሌ የሚባል ግለሰብ አለ፣ ሚስት አለኝ ይላል፣ ሚስቱን ያየ ግን የለም። ባለቤትሽ ነው ወይስ አይደለም? መልስሽ ይመዘገባል።» አፌ ላይ የነበረው «አይደለም» የሚለው ቃል ነበር። እንደ ምራቄ ዋጥኩት። ነጋዴነቴ ቀደመኝ። «እሱን አገናኘኝ መጀመሪያ» አልኩት። «ለምን?» «ጓድ፣ ድምፁን ሳልሰማ ማንን ነው ባሌ የምለው?» ስልኩን ለዐያንሌ አቀበለው።

«ሃሊሞ» አለኝ። ድምፁ ደርቋል፣ እንቅልፍ እንዳላየ ያስታውቃል። ወዲያው ወደ ሶማልኛ ገባሁ፣ «ወሪያ ዐያንሌ፣ ጊዜ የለንም። ፈትቼሻለሁ በለኝ፣ ሦስቱንም፣ አሁን፣ እዚያው ቆመህ። በሶማልኛ በለው፣ ሰውዬው አይሰማም፣ የኛ ሰው ቢሰማም አይነግርብህም። ከዚያ እኔ ለሱ በአማርኛ ባሌ ነው እለዋለሁ።»  ከኋላው የእህቴ የዳሃቦ ልቅሶ ይሰማኛል፣ ከሩቅ የካሚዮን ሞተር፣ ወይ ጆሮዬ ነው። «እኔ ካልኩ በኋላ አንቺ አይደለም ብትዪስ?» አለኝ። «ልል እችላለሁ።» «ታዲያ በምን አምንሻለሁ?» እዚህ ላይ ነው የጮህኩት፣ «ጨርቅ በአፌ ወስጄ በአፌ ስከፍል የኖርኩ ሴት ነኝ! የማንን ቃል ሳጥፍ አየህ? ካላመንክ ካሚዮኑ ቆሟል፣ ውጣበት!» ከበስተኋላ ጓድ ክፍሉ «በአማርኛ! በአማርኛ ተነጋገሩ!» ሲል ሰማሁ፣ ዐያንሌም ስልኩን ከአፉ ሳያርቅ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ናፍቀሽኛል እያልኳት ነው፣ እሱን በአማርኛ አፍራለሁ» አለው፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ሳቁ።

ከዚያ አለ። «ዋን ኩ ፉራይ።» ፈትቼሻለሁ። እንደገና አለ። ሦስተኛውን ሲል ድምፁ ተሰበረ፣ ወንድ ልጅ ሲያለቅስ እንደሚሆነው፤ ያን ጊዜ ነው ከልቤ ነበርኩ ያለው እውነት ሊሆን እንደሚችል ያሰብኩት፣ ይሄም አናደደኝ፣ በዚህ ሰዓት ይሄን ማወቅ ምን ያደርግልኛል? ይህን ያህል ከልብህ ከነበርክ ስኳሩን ለምን በላህ? ስልኩን ሊቀመንበሩ ተቀበለ። «እሺ እህታችን?» አለ።

እሺ ሃሊሞ? አልኩ ለራሴ። ነፃ ነሽ። በአላህ ፊት ነፃ ነሽ፣ ቃሉን በጆሮሽ ሰምተሻል፣ የቀረችሽ አንዲት ቃል ናት፣ እሷም ውሸት አይደለችም፣ አሁን «አይደለም» ብትዪ የምትናገሪው ጥሬ ሐቁን ነው። ደወሌ ላይ ከአፍሽ የወጣው ተመልሶ ይገባል። ክፍሉ አለ፣ ደቻቱ ዳር፣ ማኅተሙን ይቀድዱታል፣ በአማርኛ ከላይ በዐረብኛ ከታች ስምሽ ይጻፋል፣ ማዳምን ሸሚዝሽን ራስሽ ተኩሺ ትያታለሽ፣ ነገ በባቡር ትሳፈሪያለሽ። ባሌ ነው ካልሽ ግን በራስሽ አፍ ተመዘገብሽ። ፍቺውን ለሰው ብትናገሪ መልሰው ያፍሱታል፣ ስለዚህ አትናገሪም፣ ዘመቻው እስካለ የሱ ሚስት ሆነሽ መዝገብ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ያ ጸሐፊም ጣቱን ያንኑ ቦታ ያቆማል። ይሄ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለፈብኝ። አፌን ስከፍት አይደለም ልል ነበር። ወላሂ ልል ነበር። ግን ቃሌን ሰጥቼዋለሁ። ምን ቆርጦኝ ሰጠሁት? ሳልሰጠው ቢሄድ የመንግሥት ሥራ ነበር፣ ሰጥቼው ቢሄድ የኔ ሥራ ነው፣ ከዚያ በኋላ የትኛው ነጋዴ ነው ጨርቅ በአፍ የሚሰጠኝ፣ እኔስ ለራሴ ምን ቃል እሰጣለሁ?

«ባሌ ነው» አልኩ። «አልሰማሁም፣ ጮክ በይ።» «ባሌ ነው አልኩህ እኮ! ባሌ ነው!» «ተመዝግቧል» አለ ጓድ ክፍሉ። ብዕር ወረቀት ላይ ሲፋቅ የሰማሁ መሰለኝ። ዳሃቦ እልል አለች፣ እናቱ ይሆናሉ መሰለኝ አንዲት ሴትዮ አላህን ጠርተው ጮኹ፣ የሰው ድምፅ ተደበላለቀ፣ ከመሐሉ ዐያንሌ ስልኩን ነጥቆ «ሃሊሞ፣ ሃሊሞ፣ እስክሞት ድረስ ሳመሰግንሽ እኖራለሁ» ይለኛል። ሰው ያዳንኩ አይመስለኝም። የተዘረፍኩ ነው የሚመስለኝ፣ ያውም በሩን ራሴ ከፍቼ። ማራገቢያው ይዞራል፣ ከኔ ቀጥሎ ያለው ሰው መስታወቱን ያንኳኳል።

«ምስጋናህን ቀቅለህ ብላው!» አልኩት። «እኔ የምፈልገው ሱቅ ነው!»